ምሕረት ከማስተዋል ጋራ፤ እናቱን ስላጣ የሽኮኮ ግልገል

ምሕረት የሚለው ቃል ዘወትር በአፋችን የሚነገር በመሆኑ ትርጉሙን ፈጽመን ያወቅነው ይመስለናል። ነገር ግን ምሕረት ማዘን ብቻ አይደለም፤ የታዘነለትን ፍጥረት የሚጠቅመውን ለይቶ ማወቅ፥ ያወቁትንም መፈጸም ነው። ልቡ የራራ ሁሉ ምሕረት አደረገ አይባልም፤ ርኅራኄ ማስተዋልን ካጣ ሊያድነው የወደደውን ፍጥረት ሊገድለው ይችላልና። ይህን ነገር በታላላቅ ምሳሌዎች ከመመርመር ይልቅ በአንድ ትንሽ ፍጥረት ብንመረምረው ይበልጥ ይገለጥልናል። ፍጥረቱም እናቱን ያጣ የሽኮኮ ግልገል ነው።

በታች ጋይንት፥ በአርብ ገበያ ዙሪያ ያለው አገር ወደ በሽሎ ሸለቆ በገደል እየተቆረጠ የሚወርድ አገር ነው። እንደዚህ ባለው ገደላገደል ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከቋጥኝ ሥር የወደቀ ግልገል ቢያገኙ ደስ ብሏቸው ያነሡታል፤ አንገቱን በገመድ አሥረው ወደ ቤት ይወስዱታል፤ አዝነውለትም የላም ወተት ያጠጡታል። ግልገሉ ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሞታል። ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ የጎደላቸው ፍቅር ሳይሆን ትምህርት ነው።

አስቀድሞ ስሙን እንለይ። ሽኮኮ ስንል በመጀመሪያ የምናስበው በቋጥኝ መካከል በማኅበር የሚኖረውን እንስሳ ነው። ግእዙ ግሔ ይለዋል፤ ቅዱስ ዳዊትም በ103ኛው መዝሙሩ ዐለትን የዚህ ፍጥረት መጠጊያ አድርጎ ይናገራል። በዛፍ ላይ የሚዘለውን ጅራተ ረጅሙን ትንሽ እንስሳ ደግሞ ብዙ ሰው በዚሁ ስም ይጠራዋል። ሁለቱ ግን በዘር የተለያዩ ናቸው፤ ልደታቸውም አንድ አይደለም። የቋጥኙ ሽኮኮ ሰባት ወር ያህል ተፀንሶ ዓይኑ ተገልጦ፥ ጠጉር ለብሶ ይወለዳል፤ በጥቂት ቀንም ሣር መቅመስ ይጀምራል። የዛፉ ግን ዕራቁቱን፥ ዓይኑም እንደተጨፈነ የሚወለድ ስለሆነ ለብዙ ሳምንታት ያለ እናቱ ሙቀት መኖር አይችልም።

እንግዲህ ግልገል ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ላብላው?» ብሎ አይደለም፤ «በእውነት እናት የለውምን?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ እናቲቱ በአቅራቢያው ተሸሽጋ ሰውየው እስኪሄድ ትጠብቃለች። የሰው እጅ የነካውን ልጅ እናቱ ትጥለዋለች የሚባለውም እውነት አይደለም። ስለዚህ ያልቆሰለውንና ያልበረደውን ግልገል ከተገኘበት ቋጥኝ ወይም ዛፍ ሥር በቅርጫት አኑሮ፥ ውሻና ልጆችን አርቆ፥ ቀን በብርሃን ከሩቅ ሆኖ መጠበቅ ይገባል። ኦሪት ዘዳግም የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋራ እንዳይወስድ ሲያዝዝ፥ እናትና ልጅ የተገናኙበት ስፍራ እንዲከበር አስተምሮናል። ከእናቱ ያልተለየውን ልጅ ወላጅ አልባ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የእኛው የችኮላ ርኅራኄ ነው።

እናቲቱ ሞታ ከታየች፥ ወይም ግልገሉ ከደማ፥ እግሩ ከተሰበረ፥ ሰውነቱም ከቀዘቀዘ ግን መርዳት ግዴታ ይሆናል። የርዳታውም ሥርዓት እንዲህ ነው። እጅን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ማንሣት፤ ጨለማና ጸጥታ ባለው ሣጥን ማስተኛት፤ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በአንድ ወገን ማኖር፥ ቢሞቀው እንዲሸሽ ሌላውን ወገን መተው። ሙቀት ከምግብ ይቀድማል፤ የቀዘቀዘ ሆድ ምግብ አይፈጭምና። በደንብ ከሞቀ በኋላ በሆዱ አስተኝቶ፥ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጦ በጠብታ በጠብታ ማቅመስ ይቻላል። በግድ የተጋተ ውኃ ግን ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። ውሻ ወይም ድመት የነከሰው ከሆነ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ቶሎ ስለሚመርዝ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ማድረስ ይገባል።

በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ባልተረሳበት፥ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ታች ጋይንትን በታቀፈበት አገር፥ ሰው ሳይጠግብ ለሽኮኮ ማዘን ተገቢ ነውን? ደግሞስ አዝመራ የሚበላ አይደለምን? ይህ ጥያቄ የጨካኝ ጥያቄ ስላልሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው ይቀድማል፤ ከሕፃን አፍ ነጥቆ ለአውሬ መስጠት ምሕረት ሊባል አይችልም። ነገር ግን የነገሩን አፈጻጸም እንመልከት። ለሕፃኑ የሚያስፈልገው የላም ወተት ለግልገሉ አይስማማውም፤ ያስቀምጠዋል፥ ይገድለውማል። ግልገሉ የሚሻው አሮጌ ጨርቅ፥ ሙቅ ውኃ፥ ጸጥታና ወደ ወገኖቹ መመለስ ነው። ስለዚህ ሕፃኑና ግልገሉ የሚሻሙበት ነገር የለም፤ ምሕረት በማስተዋል ሲሠራ ከድሀ ማዕድ ቁራሽ አያጎድልም። ገበሬም እርሻውን ከአጥፊ መጠበቅ መብቱ ነው፤ ሆኖም አዝመራን መጠበቅ አንድ ነገር፥ በእጅ የገባውን ደካማ ማሠቃየት ሌላ ነገር ነው።

ማስተዋል ስለ ጎረቤትም ማሰብን ይጨምራል። በደጋው አገር ፊትን የሚያበላሸው ቁንጭር የሚባለው በሽታ ተሐዋስያኑ በሽኮኮ ሰውነት ይኖራሉ፤ ከእርሱም ወደ ሰው የምታደርሰው ትንሽ ደም መጣጭ ዝንብ ናት። ስለዚህ የቋጥኝ ሽኮኮን ልጆች በሚተኙበት ቤት ማሳደር አይገባም። ማናቸውም የዱር እንስሳ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ፥ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለአውሬ አዝኖ የራስን ልጅ ለደዌ መስጠት ምሕረት አይደለም።

የመጨረሻውና የሚከብደው መልቀቅ ነው። ያዳንነውን የራሳችን ለማድረግ እንወዳለን፤ «እኔ ባልኖር ይሞት ነበር» የሚለው አሳብ «ስለዚህ የእኔ ነው» ወደሚለው በቀላሉ ይሻገራል። በጋይንት የቤተልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት የታወቀ ነው፤ ወደ እንደዚህ ያለው ጉባኤ ቤት የሚመጣ የቆሎ ተማሪ እናቱን ትቶ ከሩቅ አገር ይመጣል፥ ቁራሽ እየለመነም ይማራል። ቁራሽ የሰጠችው እናት ግን ተማሪውን የእኔ ነው ብላ በቤቷ አታስቀረውም፤ ወደ ተጠራበት ትሸኘዋለች። የግልገሉም ነገር እንዲሁ ነው። ከሰው ቤት የለመደ ውሻን አይፈራም፥ ከንስር መሸሸግንም አይማርም። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ በሕገ ወጥ ንግድ ተሰርቀው ሲወሰዱ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች በሆለታ አቅራቢያ ባለው የእንስሳ ኮቴ ማገገሚያ ይጠበቃሉ፤ አደንን ከእናታቸው ሳይማሩ ስላደጉ ግን ብዙዎቹ ወደ ዱር መመለስ አይችሉም። ሕይወታቸው ተርፏል፥ ኑሯቸው ግን አልተመለሰም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን የከለከለውም በከንቱ አልነበረም።

ለመልቀቅ ደግሞ የሚለቀቅበት ስፍራ ያስፈልጋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፎች፥ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ማግኘታቸው የታወቀ ነው። ሌላው ተራራ ሲራቆት በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዛፍ የቀረው አባቶች ስላልቈረጡት ነው። ዐጸዱን የሚጠብቅ ሰው አንድም ግልገል በእጁ ሳይነካ ብዙዎችን ያድናል፤ እናት ልጇን የምታሳድግበትን ጠብቋልና።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ውኃ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ያሳያል። ወፏ በገመድ አልታሠረችም፥ በጎጆም አልተዘጋባትም፤ ጠጥታ ትበራለች። አባትና እናት የሆናችሁ ሁሉ፥ ልጃችሁ ግልገል ይዞ ቢመጣ በቍጣ አትገሥጹት፤ ርኅራኄው የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ገመዱን ግን ፍቱለት፤ ግልገሉንም ይዛችሁ ከልጁ ጋራ ወደ ተገኘበት ቋጥኝ ሂዱ፥ ከሩቅም ተቀምጣችሁ እናቲቱን አብራችሁ ጠብቁ።