ፏፏቴው የማን ነው?

የድሮዋን የአንድ ብር ኖት የሚያስታውስ ሰው ጢስ አባይን ሄዶ ባያየውም ያውቀዋል። ውሃው ገደሉን ሞልቶ ሲወርድ በኖቷ ጀርባ ላይ ይታይ ነበር። እኔም በልጅነቴ ዳቦ ልገዛ ስላክ ያንን ሥዕል እያየሁ ነበር የምሄደው። ከዓመታት በኋላ ከአንድ ወዳጄ ጋር በመኪና ተነሥተን፣ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርደን ወደ ደጀን ስንወጣ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርንና ሰሜን ተራሮችን ለማየት ብንነሣም፣ ከሁሉ በፊት የናፈቀኝ እሱ ነበር።

ወሩ ሚያዝያ ነው። ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በእግር ተሻግረን ደረስን። አርባ ሜትር ገደማ የሚሆነው ገደል እንዳለ አለ፤ የሚወርድበት ውሃ ግን የነጠላ ጥለት ያህል ቀጥኗል። ወዳጄ «ተታለልን!» አለ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛውና ትልቁ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲሠራ ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ መፍሰስ ያዘ። ክረምት ሲገባ ፏፏቴው ይነሣል፤ በጋውን ግን ገደሉ ነው የሚታየው።

ማታ ባሕር ዳር ተመልሰን የሆቴሉን መብራት ሳበራ ቀን ያማረርኩበት ነገር አሳፈረኝ። ለመሆኑ አንድ ሰዓት ቆሞ ለሚሄድ መንገደኛ ዓይን ሲባል ሐኪም በኩራዝ ያዋልድ? አይባልም። ክርክሩን ለመብራቱ ፈርጄ ልተኛ ስል ግን፣ በፏፏቴው አጠገብ ቡና ያፈሉልን እናት ትዝ አሉኝ። «እማማ፣ ውሃው ሲያንስ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ብላቸው፣ «ውሃው ሲሄድ እንግዳውም አብሮ ሄደ፣ ልጄ። መብራቱን አንጠላውም፤ ማን ይጠላል? ግን እኛን መጥቶ የጠየቀን የለም» ነበር ያሉኝ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ! እኔ ስለ ውበት ሳስብ፣ መሐንዲሱ ስለ ኪሎዋት ሲያሰላ፣ እኚህ እናት በሁለታችንም መዝገብ ላይ አልነበሩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀን። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ዋሊያው እየሳሳ፣ ግጦሽና እርሻ እየገፋ በመምጣቱ አደጋ ላይ ከወደቁት ተርታ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ዋሊያ በምድር ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ቢጠፋ የሚተካው የለም። የተነሣውም ሰው ቢሆን የአያቶቹን መቃብር የሚያገኝበት ሌላ ቦታ የለውም።

እዚያ ለብርሃን ሲባል እይታው ተሰዋ፤ እዚህ ለእይታው ሲባል ቀዬው ተለቀቀ። ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔ ልፈርድ አልደፍርም። አንድ ነገር ግን ይታየኛል። ውበትና እንጀራ ተጣሉ እያልን የምንከራከረው ብዙ ጊዜ እኛ ከሩቅ የመጣነው ነን፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን እዚያው የተወለደው ነው። ትክክለኛ ሥራ እንኳ ቢሆን ባለዕዳውን ሳይጠይቁ ከሠሩት ግማሹ በደል ነው።

ወዳጄ «ተታለልን» ሲል ማን እንዳታለለን አልጠየቅሁትም። ፏፏቴ ሊያሳየን ቃል የገባልን የለም። የመግቢያ ትኬት ለማየት እንጂ ለባለቤትነት አይሸጥም። እንግዳ ያላየውን ይቆጫል እንጂ ምንም አልጎደለበትም።

የአንድ ብሩ ኖት ዛሬ በሳንቲም ተተክቷል። ፏፏቴው እዚያ የለም፤ በሳንቲሙ ላይ ያለው ሚዛን ነው። ከጉዞው ወዲህ ሳንቲሟ እጄ ላይ ስትገባ፣ በሚዛኑ አንድ ጎን መብራቱን፣ በሌላው እይታውን ሳስቀምጥ፣ ቡና አፍዪዋን እናት የት ላድርጋቸው እላለሁ።