ሹመትን ስለሚያዘገይ ሰው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሥልጣን በተወራ ጊዜ ሁላችንም የምንጠይቀው ማን ተሾመ፣ ማንስ ተሻረ ብለን ነው። የሹመቱን ቀን ማን ቆረጠው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ የሥልጣን ግማሹ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው። እሺም እምቢም ሳይል «ቆይ» ለማለት የሚችል ሰው፣ ራሱ ሹም ባይሆንም እንኳ የብዙ ሹማምንት ዕድል በእጁ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በሚገባ ያውቁት ነበር። ደጅ ጥናት የሚባለውን ልማድ የማያውቅ የለም። ሹመት ፈላጊው በጌታው ደጅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆማል። ጌታው አይሰጠውም፤ አይከለክለውምም። ስንቁ ያልቃል፣ በቅሎው ይከሳል፣ አገልጋዮቹ አንድ በአንድ ይከዱታል፤ እርሱ ግን ነገ ይጠሩኝ ይሆናል እያለ በማለዳ ተነሥቶ እጅ ለመንሣት ይሄዳል። የተከለከለ ሰው ቢያንስ ወደ አገሩ ተመልሶ እርሻውን ያርሳል። እንዲጠብቅ የተደረገ ሰው ግን የሚከራከርበትም፣ ተስፋ የሚቆርጥበትም ነገር የለውም።

እንግዲህ ልጠይቅ የፈለግሁት ይህ ነው፤ የሌላውን ሰው ሹመት ለማዘግየት ሥልጣን ያለው ሰው ማዘግየቱ መቼ ተገቢ ይሆናል፣ መቼስ ግፍ ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ በቅርብ ዘመን ከታዩት ነገሮች ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው በአሜሪካ የሆነው ነው። በዚያ አገር ሕገ መንግሥት መሠረት ፕሬዚዳንቱ የሚያጫቸው ሚኒስትሮች፣ ዳኞች፣ አምባሳደሮችና የጦር መኮንኖች የሚሾሙት ሴኔቱ ሲፈቅድ ነው። መቶ አባሎች ያሉት ሴኔት ግን የእያንዳንዱን ኮሎኔልና ጄኔራል ስም ለብቻው እያነሣ ድምፅ ቢሰጥ ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የመኮንኖቹ ስም በጅምላ ይቀርባል፤ «የሚቃወም አለን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ማንም ካልተቃወመ ያልፋል። እዚህ ላይ ልብ በል። አንድ ሰው ብቻ «እቃወማለሁ» ቢል ሹመቱ አይፈርስም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስም ለብቻው በረዥሙ ሥርዐት እንዲያልፍ ግድ ይሆናል። ሥርዐቱም ቀናትን ይበላል። የምክር ቤቱን ሥራ በተራ የሚያስይዘው የብዙኀኑ ፓርቲ መሪ ነውና፣ ለአንድ ጄኔራል የሚሰጠውን ቀን ከሌላ ሕግ ላይ መንጠቅ ይኖርበታል።

በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከአላባማ ግዛት የተመረጠው ሴናተር ቶሚ ተበርቪል ይህንኑ አደረገ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ፅንስ ለማስወረድ ወደ ሌላ ግዛት ለሚጓዙ ወታደሮች የመንገድ ወጪ እንዲከፈል ያወጣውን መመሪያ ስለ ተቃወመ፣ መመሪያው እስኪሻር ድረስ የከፍተኛ መኮንኖች ሹመት በጅምላ እንዳያልፍ ከለከለ። ወራት አለፉ፤ የታገዱት ከ400 በላይ ሆኑ። የባሕር ኀይል እግረኛ ጦር ከመቶ ዓመት በላይ ባልታየ ሁኔታ ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ሴኔቱ ያጸደቀው አዛዥ ሳይኖረው ቀረ። በኅዳር ማለቂያ ላይ፣ በፈረንጆች ታኅሣሥ 5 ቀን፣ ሴናተሩ አብዛኞቹን ለቀቀ። መመሪያው ግን እንደ ነበረ ቆየ።

ሰውየው ስለ ፅንስ የያዘው አሳብ ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬ አልመረምርም። አንዳንድ አንባቢ ይደግፈዋል፤ አንዳንዱም ይጠላዋል። እኔ የምመለከተው ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ነው። መመሪያውን ያወጡት መኮንኖቹ አልነበሩም። ቤታቸውን ጠቅልለው ወደ አዲሱ ምድባቸው ለመሄድ የተዘጋጁ፣ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስወጡ ሰዎች ነበሩ። ሴናተሩ በበኩሉ ደመወዙን ይቀበል ነበር፤ በአልጋውም ይተኛ ነበር። እንዲያውም በአገሩ ሰዎች ዘንድ ዝናው ጨመረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በወጣ ጊዜ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ ሹመት መስጠት ግን የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ እንደራሴዎቹን ቢመርጥም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሚኒስትሮቹን መሾምና መሻር በዙፋኑ እጅ ቀረ። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው፤ ይህም ቢሆን የምክር ቤት ፈቃድ የተጨመረበት አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚያቀርባቸውን ሚኒስትሮች፣ ኮሚሽነሮች፣ ዋና ኦዲተርና የፌዴራል ዳኞች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆነ። ከፍተኛ የጦር ማዕርግ ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በፕሬዚዳንቱ ይሰጣል እንጂ ወደ ምክር ቤት አይመጣም። ስለዚህ በአሜሪካ የሆነው የጄኔራሎች እገዳ በእኛ ዘንድ ሊሆን አይችልም።

የእኛ ችግር ከመዘግየት ይልቅ መቻኮል ነው ብል አላጋነንሁም። በጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. 20 ሚኒስትሮች ለምክር ቤቱ ቀርበው በዚያው ዕለት ጸደቁ። እኩሌቶቹ ሴቶች ነበሩ፤ ወይዘሮ አይሻ መሐመድም የመከላከያ ሚኒስቴርን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ቀኑ መልካም ቀን ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን 20 ሰዎች በአንድ ስብሰባ ሲጸድቁ፣ እጁን ያወጣው እንደራሴ ስለ እያንዳንዳቸው ምን ያህል ሊጠይቅ ይችላል? አልጋው በሰፊው ተዘርግቶ ማንም ያልተኛበት ይመስለኛል። ሕጉ ምክር ቤቱን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ቀን እንዲሠራ ያዝዘዋል፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ካለ ለአንድ ሚኒስትር አንድ ቀን መስጠት ምን ይከብዳል?

አሁን ከሁለቱም የተለየውን ላሳይህ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ ብትወጣ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ከበታችህ እየራቁ፣ ብርዱም እየበረታ፣ ዶርዜ ትደርሳለህ። ከቀርከሃ ተፈትሎ የተሠራው፣ ዝሆን የሚመስለው ረዥም ቤት፣ እንሰቱና የሸማኔው ጉድጓድ የታወቁ ናቸው። የማይታወቀው የስብሰባቸው ነገር ነው። ጋሞዎች ዱቡሻ የሚሉት የመሰብሰቢያ ሜዳ አላቸው። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ በምርቃት ይዘጋል። ለመናገር የፈለገ ተነሥቶ ይናገራል። እጅ ማውጣትና መቍጠር የለም፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይነጋገራሉ፤ ካልተስማሙ ለሌላ ቀን ይቀጣጠራሉ።

በዚህ ሜዳ ከሚወሰነው ነገር አንዱ የሀላቃ ሹመት ነው። ስሙ ከአማርኛው «አለቃ» ጋር ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ ግን እኛ የምናውቀውን አለቃ አይደለም። ሀላቃ የሚሆን ሰው ሕዝቡን ይደግሳል፤ ያውም በቀላሉ የማይቻል ድግስ። በሽመና ወይም በእርሻ የከበረ ሰው ካለ ዓይን ይጣልበታል፤ ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ ሊሸሽ ይሞክራል። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1976 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዶርዜ ያወጡት ጽሑፍ ርእሱ እንኳ ድግስ ሰጪን ስለ መያዝ የሚናገር ነው፤ እንደሚታደን አውሬ ማለት ነው። የተያዘው ሰው ሀብቱን አውጥቶ ይደግሳል፤ በመስቀል ሰሞንም ራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት በገበያው ዙሪያ ይዞራል። በ1960ዎቹ በዶርዜ የኖረው ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ይህን ቅቤ አይቶ፣ ምሥጢሩ ምንድን ነው እያለ ብዙ ተመራምሮበታል።

በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። ይህን ተረት የሚጠቅሱ ሰዎች እየሳቁ ነው የሚጠቅሱት፤ እኔ ግን ሳቁ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በዶርዜ ተረቱ ተገልብጧል፤ የሚሾመው ሰው ያበላል እንጂ አይበላም። በዚህ ምክንያት ሹመቱን የሚያዘገየው ሰው ማንነትም ይገለበጣል። በአዲስ አበባና በዋሺንግተን የሚዘገየው ሰው ሹመቱን ይናፍቃል፤ በዶርዜ ግን ቀኑ እንዲራቅለት የሚለምነው ራሱ ታጪው ነው። «ዘንድሮ ልጄን ድሬአለሁ፤ ለከርሞ ይሁንልኝ» ቢል ሽማግሎቹ ያዳምጡታል። መዘግየቱ ከእርሱ ኪስ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ምክንያቱ ሐሰት ይሁን እውነት ጎረቤቶቹ ያውቁታል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ማዘግየት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው የሚያዘገየው ሰው ራሱ ምንም ሳይከፍል፣ ምንም ያላደረገውን ሌላ ሰው ሲያስከፍል ነው። በዱቡሻ ተነሥቶ «አልስማማም» ያለ ሽማግሌ ነገሩ እስኪያልቅ በዚያው ብርድ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል፤ የእርሱም እርሻ ያለ አራሽ፣ የእርሱም ሸማ ሳይሸመን ይውላል። ሴናተሩም እያንዳንዱን ቀን በወንበሩ ላይ ቆሞ ሲናገር እንዲውል ቢገደድ ኖሮ፣ አሥር ወር የሚቆይ አይመስለኝም።

በዋጋ ስለሚገዛ ማዘግየት ከዚህ ይበልጥ ጥርት ያለ ምሳሌ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታየ። በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው በተሰማ ጊዜ ወጣቶች በቍጣ ወጡ፤ ቍጣው ወደ በቀል ሊዞር ተቃረበ። የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጣቶቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሎቹ የያዙት ሥልጣን በሕግ የተጻፈ አልነበረም፤ ቀን የሚያስይዝ መዝገብም አልነበራቸውም። «ቆዩ» አሉ፤ ነገር ግን «ቆዩ» ያሉት የራሳቸውን ጉልበት መሬት ላይ አድርገው፣ የራሳቸውን ሬሳ ለመቅበር በሚዘጋጁበት ሰዓት ነው።

ይህን ስል ግን ዱቡሻ የፍጹምነት ቦታ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ገጠርን የሚያመሰግን ሰው ልማድ ነው። ሁሉ ተስማማ ሲባል «ሁሉ» ማን ነው? በቀድሞው ሥርዐት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በዚያ ሜዳ እንደ ሌላው ተቀምጠው አይናገሩም ነበር፤ ሴቶችም እንዲሁ። የሌሉበት ስምምነት ለእነርሱ ስምምነት አይደለም። እጅ አውጥቶ የሚቈጥረው ምክር ቤት በዚህ በኩል ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሸክላ ሠሪው ልጅና የባለጸጋው ልጅ እጅ እኩል ይቈጠራል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በአርባ ምንጭ በተደረገ ጉባኤ ሲመሠረት፣ ርእሰ መስተዳድሩ የተሾመው በዚህ ዓይነት ቈጠራ ነው እንጂ በዱቡሻ ሥርዐት አይደለም። እኔ ቈጠራው ይቅር አልልም። ከመቈጠሩ በፊት ያለው ጊዜ የማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ጠንካራም ተቃውሞ ነው። ሁሉ ካልተስማማ አይለቅም ከተባለ፣ አንድ ግትር ሰው አገርን ዕድሜ ልኩን ሊያስር አይችልምን? ይህን ጥያቄ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከመጥቀሚያው ፊት ተቀምጠው ጥለት ለሚጥሉ አንድ የዶርዜ አዛውንት አቅርቤላቸው ነበር። እጃቸውን ሳያቋርጡ መለሱልኝ። «ልጄ፣ ግትር ሰው በሜዳ ላይ አይሸነፍም፤ ሰው ያየዋላ። ሽማግሎቹ ስብሰባውን ለሌላ ቀን ይቀጥሩና ማታ ቤቱ ይሄዳሉ። እሳት ዳር ይቀመጣሉ፤ ቆጮውን ይበላሉ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ ይጠይቁታል። ስለ ስብሰባው የሚያነሣው እርሱ ራሱ ነው።» «ባያነሣስ?» አልኋቸው። መወርወሪያውን አሳለፉና፣ «በማግስቱም ይሄዳሉ» አሉኝ።