ያልተመዘገበ ሙያ

ታይዋን የሩቅ ምሥራቅ አገር ስም የወጣለት የድሬዳዋ ገበያ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማዋን ወለደ፤ በባቡሩ ጨርቅና ሽቶ ይዘው የተመላለሱ ሴቶች ደግሞ የንግዷን ጠባይ ቀረጹ። ጉምሩክ በኮንትሮባንድ ያሳድዳቸው ነበር፤ ከተማው ግን ከእነሱ ይገዛ ነበር።

ሥራቸው በቢሮ ሰነድ «መደበኛ ያልሆነ» ይባላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀው አንትሮፖሎጂስቱ ኪት ሃርት ነው፤ በጋና ከተማ አክራ ውስጥ ሥራ የላቸውም የተባሉ ሰዎች ቀን ከሌት ሲሠሩ አይቶ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው ሪፖርት ተቀበለው። ሃርት ያለው «ሥራ አለ» ነበር፤ ቢሮዎች የሰሙት ግን «ሥርዓት የለም» የሚለውን ነው።

እውነት ሥርዓት የለም? አንዲት ጨርቅ ሻጭን እንይ። አንዱ በሶማሊኛ «ኢሚሳ?» ይላታል፤ ሌላዋ በኦሮምኛ «ሜቃ?»። ለሁለቱም በቋንቋቸው ትመልስና ወደ ጎረቤቷ ዞራ በአማርኛ «አቦ፣ ዝርዝር ስጪኝ» ትላለች። ገዢ «ጥጥ ነው ወይ?» ብሎ ከተጠራጠረ ክር መዝዛ በክብሪት ትለኩሳለች። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይጠጥራል። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ነጭ ጋዋን ብቻ ይጎድለዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ዱቤ ነው። ለማን ይሰጣል? እስከ መቼ? የዘገየን ባለዕዳ ሳያስቀይሙ፣ ሳይለቁትም እንዴት ያስታውሱታል? አርስቶትል በትምህርት ከሚገኘው ዕውቀት ለይቶ፣ በኑሮ ብቻ የሚበስል ማስተዋል አለ ብሎ ነበር፤ ለዚህ ሰው፣ በዚህ ሰዓት የሚበጀውን መለየት። ዱቤ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ባንክ መያዣ የሚጠይቀው እንዲህ ሰው ማንበብ ስለማይችል ነው። ያም ሆኖ ለዚህች ሴት ብድር ሲከለክል፣ የሚጎድላት ችሎታ ይመስለናል።

ማድነቅ ግን ርካሽ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት በአንዲት ሴት ጤና ላይ የቆመ ነው፤ ከታመመች ሱቋም አብሮ ይተኛል። እቁቡ ጥሎ አይጥላትም ይሆናል፣ ጡረታ ግን አይሆናትም። ኮንትሮባንድ አገር ይጎዳል የሚለውም ክርክር ባዶ አይደለም። ሆኖም ዕቃው በየት በር ገባ የሚለው ጥያቄ ሻጯ ምን ታውቃለች ለሚለው መልስ አይሆንም፤ ሁለቱን እያምታታን ሕጉን የጣሰችውን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ አውጥታ ግብር የምትከፍለውንም አላዋቂ አድርገናታል።

ስለዚህ ለነጋዴ ሴቶች የንግድ ክህሎት ሥልጠና የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አሠልጣኞቹን መጀመሪያ ከታይዋን ፈልጉ። አበላቸውንም እንደ ሌላው አሠልጣኝ ክፈሏቸው።