ማዕድና ሒሳብ

በአማርኛ «አብረን በልተናል» ማለት የመሐላ ያህል ክብደት አለው። ከአንድ ማዕድ የቆረሱ ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚያነሳባቸው የበሉትን እንጀራ ነው። ማዕድ ዕዳ ያስገባል፤ ዕዳውም በገንዘብ አይከፈልም። የከተማ ምግብ ቤት ግን የቆመው በተቃራኒው ሕግ ላይ ነው። በላተኛው ሒሳቡን ከፍሎ ከወጣ በኋላ ከአብሳዩ ጋር የሚያስተሳስረው አንዳች ነገር የለም። ታዲያ አንድ ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ ምግብ ለሁለት መቶ ዓመታት እየከፈለ ሲበላ ቢኖር፣ በመካከላቸው ያለው ማዕድ ነው ወይስ ሒሳብ? ጥያቄው በለንደን የህንድ ምግብ ቤቶች ጎልቶ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1810 በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ያገለገለው የፓትና ተወላጅ ዲን መሐመድ በጆርጅ ስትሪት የህንድ ምግብ ቤት ከፈተ። ወንበሮቹ የቀርከሃ ነበሩ፤ ለአጫሾችም ሁካ ይቀርብ ነበር። የታሰቡት ደንበኞች ህንድን ሲገዙ ኖረው የተመለሱ፣ የጣዕሙ ናፍቆት ያልለቀቃቸው ሹማምንት ነበሩ። ቤቱ በ1812 ከሰረ። በ1926 በሬጀንት ስትሪት የተከፈተው ቪራስዋሚም በአብዛኛው ያስተናገደው ይህንኑ ዓይነት ሰው ነው።

ምግቡን ወደ ተራው ሰፈር ያወረደው ግን ላብ አደሩ ነው። በእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ሆድ ውስጥ እቶኑን ከሰል ሲያጎርሱ ከኖሩት የሲልሄት ልጆች አንዳንዶቹ ወደብ ላይ እየጠፉ ለንደን ቀሩ። ሳህን አጠቡ፤ ድንች ላጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በቦምብ የተጎዱ ትናንሽ ቤቶችን በርካሽ እየያዙ፣ እንግሊዛዊው የለመደውን የተጠበሰ ዓሣና ድንች ሳያስቀሩ ከጎኑ ሩዝና ከሪ አኖሩ። መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ የእነርሱ በር ክፍት ነበርና የራበው ጠጪ ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ።

ሲልሄት በ1947 በአመዛኙ ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን ተጠቃለለ፤ በ1971 ደግሞ የባንግላዴሽ አካል ሆነ። በምግብ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ግን «የህንድ ምግብ» እንደሆነ ቀረ። ይህ ውሸት ነውን? ወጡም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ጠዋት በትልቅ ድስት የሚበስል የሽንኩርት፣ የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል መረቅ አለ፤ የእኛ እናቶች ቢያዩት ቁሌት ይሉት ነበር። ማታ በላተኛው ያዘዘው ስም ምንም ይሁን ምን ከዚያው ድስት እየተጨለፈ፣ ቅመሙ እየተለዋወጠ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚበሉት ይህን አይደለም። የእነርሱ ምግብ ጓዳ ውስጥ ነው። ሩዝ፣ የዓሣ ወጥ፣ አንዳንዴም ሳትኮራ የተባለው የአገራቸው ጎምዛዛ ፍሬ የገባበት ሥጋ ነው።

ተዋናይ ዘውድ ደፍቶ መድረክ ላይ ቢወጣ ዋሾ የሚለው የለም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ንጽጽሩ ግን ይጎድለዋል፤ ተመልካቹ ዘውዱ ወረቀት መሆኑን ያውቃል፣ በላተኛው አያውቅም። ይሁን እንጂ የገዛ ስሙን ቢጽፍ የሚገዛው የማያገኝ ሰው፣ ገዢው የሚያውቀውን ስም ቢለጥፍ በዋሾነት መክሰስ ይከብዳል። ከሚሸጠው ለይቶ ለራሱ ያስቀረው ነገርም ስርቆት አይደለም። ነውሩ ካለ፣ ሌላውን ስም መስማት ሳይፈልግ በኖረው ጆሮ ላይ ነው።

ነውሩም ወሬ ብቻ አልነበረም። በ1970ዎቹ በብሪክ ሌን አካባቢ የናሽናል ፍሮንት ሰዎች በየእሑዱ ጋዜጣቸውን እየሸጡ ስደተኞች እንዲባረሩ ይቀሰቅሱ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 1978 (እ.ኤ.አ.) አልታብ አሊ የተባለ ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዘረኞች ተገደለ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሬሳ ሣጥኑን ተከትለው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደጃፍ ሄዱ። የተገደለበት ሥፍራ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ከሪ የሚወድ ሰው እየበዛ ነበር። ምላስ የተቀበለውን እጅ መታው ማለት ነው።

በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን እውነተኛ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ብለው አወደሱ። ቲካው የህንድ ነው፤ መረቁ የተጨመረው እንግሊዛዊው ሥጋን በመረቅ መብላት ስለሚወድ ነው አሉ። ሐሳቡ በጎ ነው። ሆኖም ምግቡ ዜግነት ሲሰጠው ያብሳዩ ጉዳይ በሌላ መዝገብ ይታይ እንደነበር መዘንጋት አይገባም፤ የኮመንዌልዝ ስደተኞችን መግቢያ ማጥበብ የተጀመረው በ1962 ነበርና።

በጓዳው ውስጥ ያለው ግንኙነትም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ባለቤቱ አጎት፣ ሳህን አጣቢው የእህት ልጅ በሚሆንበት ቤት የዝምድና ስም የሥራውን ሰዓት ሲያስረዝምና ደመወዙን ሲያሳንስ ይታያል። ይህም ብዝበዛ ነው፤ የተጨቆነ ሁሉ አይጨቁንም የሚል ካለ ጓዳ ገብቶ ይይ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቹ ቤቶች እየተዘጉ ነው። አባቶቹ ሌሊት የቆሙት ልጆቹ እንዳይቆሙ ነበርና፣ ልጆቹ መምህር፣ ሐኪም፣ የሕግ ባለሙያ ሆነዋል። የቆየው ደንበኛ በተዘጋው በር ፊት ያዝናል። የሚያዝነው ለወጡ ይሁን ለሰውየው፣ ምናልባት ራሱም ለይቶ አያውቀውም።

አልፎ አልፎ ግን፣ ሃያ ዓመት የተመላለሰ አንድ ደንበኛ አሳላፊውን «እናንተስ የምትበሉት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አሳላፊው ጥቂት ያመነታል፤ ወደ ጓዳ ይገባል፤ በትንሽ ሳህን የዓሣ ወጥ ይዞ ይመለሳል። በመጨረሻ ሒሳቡ ሲመጣ ያች ሳህን አልተጻፈችበትም። ደንበኛው ወረቀቱን ደጋግሞ ያነባል፤ ቦርሳውን እንደከፈተ ይቀመጣል።