አሳዳጊ ወላጅ እውነቱን ሊሰውር ይገባዋልን?



«ዝም በሉት፣ ሲያድግ ይረሳዋል» ሲባል በየቤታችን ሰምተናል። በማደጎ ያደገን ልጅ ከየት እንደ መጣ አለመንገር ፍቅር ነውን? ወይስ ማታለል? ይህን ጥያቄ ከቻይና በማደጎ በሄዱ ልጆች ምሳሌነት ልንመረምረው ወደድን።

የቻይና መንግሥት ከ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ እስከ 2015 ድረስ አብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ ልጅ በላይ እንዳይወልድ ይከለክል ነበር። በገጠር ወላጆቹን በእርጅና የሚጦር ወንድ ልጅ ነው ስለሚባል፣ ብዙ ሴቶች ሕፃናት ተጣሉ። ልጅ መጣል በሕግ ስለሚያስቀጣ እናቶች ስማቸውን ሳይተዉ ሕፃኗን ሰው በሚያያት ስፍራ፣ በገበያ ወይም በማሳደጊያ ደጅ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ከ1992 ጀምሮ ከ160,000 የሚበልጡ ልጆች ለውጭ አገር አሳዳጊዎች ተሰጡ፤ ግማሽ ያህሉም ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ2024 መንግሥቱ ከቅርብ ዘመድ በቀር ይህን አሠራር አቆመ።

ከአሳዳጊዎቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸው ከፍ ሲሉ ወደ ቻይና ይዘዋቸው ይጓዛሉ። ማሳደጊያውንና ሕፃኗ የተገኘችበትን ደጅ ያሳዩአታል፤ መዝገብም ያስፈልጋሉ። የሚያገኙት ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ የልደቷ ቀን እንኳ በግምት የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ እናት ለማትገኝበት ጉዞ ቁስል መነካካት ለምን?» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ልጅቱ ታለቅስ ይሆናል፤ አሳዳጊዋም «ልቧ ከእኔ ይርቅ ይሆን?» ብላ ትፈራለች። ነገር ግን ቁስሉ ከጉዞው በፊትም ነበረ። ልጅቱ መልኳን በመስታወት ባየች ቁጥር ጥያቄው ይነሣባታል። ብቻዋን ከምትሸከመው፣ የሚወዷት አብረዋት ቢሸከሙት ይሻላል።

የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከውኃ ስላወጣችው ሙሴ አለችው። የተገኘበትን ስፍራ በስሙ ውስጥ አኖረችለት እንጂ አልሸሸገችውም። እርሱም በጎለመሰ ጊዜ ወደ ወንድሞቹ ወጥቶ መከራቸውን አየ።

ሆኖም ጉዞው ለልጁ እንጂ ለአሳዳጊው ኅሊና ማረፊያ መሆን የለበትም። ልጁ «ገና ነኝ» ቢል ሊጠበቅ ይገባል። ያሳደገም ሰው ፍቅሩን እንደ ብድር ቆጥሮ ምስጋና ሊያስከፍል አይገባውም።

አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. ልጆችን በማደጎ ወደ ውጭ አገር መስጠትን በሕግ ከልክላለች። ከዚያ በፊት የሄዱት ግን እያደጉ ነው፤ መነሻቸውን ፍለጋ የሚመጡም አሉ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባል የለምን? ቋንቋችንን የማያውቅ ወጣት በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ቆሞ ብናይ በአነጋገሩ እንስቅበት ይሆን? ወይስ እጁን ይዘን እናስገባዋለን? በየቤታችንም ከአክስትና ከአጎት ዘንድ የሚያድጉ ልጆች ስለ እናታቸው ሲጠይቁን ዝም አንበላቸው። እውነቱን በፍቅር እንንገራቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።