በጥቂቱ መታመን

የካቲት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ ሳንታ ሞኒካ፥ ታዋቂው ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ ያበራት የነበረች አንዲት አሮጌ አነስተኛ አውሮፕላን ገና ከመሬት እንደ ተነሣች የሞተሯ ኃይል ደከመ። ወደ ማረፊያው ለመመለስ ከፍታዋ ስላልበቃ በጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ላይ ወደቀች፤ አብራሪው ክፉኛ ቢቆስልም በሕይወት ተረፈ። መርማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚመጥነው ትንሽ ክፍል ከቦታው ላልቶ አገኙት።

እኛም ከታላቁ ኃጢአት እንጠነቀቃለን፤ የተተወ የማታ ጸሎት፥ ያልታረቅነው ወንድም፥ ሳንናዘዝ ያሳለፍነው ዓመት ግን ነፍሳችንን በስውር ያላሏታል። ጉድለቱም የሚገለጠው ኃይል አጥብቀን በምንሻበት ሰዓት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 በጥቂቱ ስለ መታመን ያስተማረንን እናስብ። ጊዜ ሳለልን ወደ ምስጢረ ንስሐ እንቅረብ፤ የላላውን የሚያጠብቅ የእርሱ ጸጋ ነውና። አሜን።