ካልሲዋና ነጻነት
ለመሆኑ ባሪያን ነጻ የሚያወጣው ማን ነው? ከጄ. ኬ. ሮውሊንግ የልጆች መጻሕፍት ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሁለተኛው የ«ሃሪ ፖተር» ፊልም ዶቢ የሚባል፣ በባርነት የሚያገለግል ትንሽ ፍጡር ያሳየናል። በሕጋቸው እንዲህ ያለው አገልጋይ ነጻ የሚወጣው ጌታው ልብስ ሲሰጠው ነው። በፊልሙ መጨረሻ ሃሪ ካልሲውን በማስታወሻ ደብተር ውስጥ ደብቆ ለጌትዬው ለሉሲየስ ማልፎይ ያስረክበዋል፤ እሱም ሳያውቅ ለዶቢ ያቀብላል። ዶቢ ነጻ ወጣ!

እኔን የሚከነክነኝ ግን መጀመሪያ ላይ ያለው ትዕይንት ነው። ዶቢ ሃሪን ሊያስጠነቅቅ ከጌቶቹ ተደብቆ ይመጣል፤ እነሱን ክፉ የተናገረ ሲመስለው ደግሞ ራሱን በራሱ ይቀጣል። እጁ ገና የጌታው ነው፤ እግሩ ግን ማንም ሳይልከው መጥቷል። ታዲያ ካልሲዋ ምን ጨመረችለት? ቅጣቱን አስቀረችለት፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እምቢታውን ግን ያን ምሽት ሃሪ መኝታ ክፍል ሲገባ ይዞት መጥቶ ነበር።